ከእግር ሥር የተማሩ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ ስለ እግር ነው። የሯጮቻችን እግር አይደለም፤ እሱ ብዙ ተዘምሮለታል። የምተርክላችሁ ስለ ገበሬው፣ ስለ እረኛው፣ እንስራ አዝላ ዳገት ስለምትወጣው ሴት እግር ነው። ከዚያም በላይ ያንን እግር ማከምን ማን ለማን እንዳስተማረ፣ ማንስ ማንን አስከትሎ እንደመራ ነው።

ሰቆጣን የሚያውቅ ያውቃታል። ከባሕር ጠለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራራ መሐል የተቀመጠች የዋግ ኽምራ መዲና ናት። ከሷ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሰሃላ፣ ወደ አበርገሌ የወረደ ተከዜን እስኪያገኝ ቆላ ለቆላ ነው፤ ወደ ጋዝጊብላ የወጣ ደግሞ ብርዱ ይቀበለዋል። በዚህ አገር መኪና የሚደርስበት ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ በእግር ነው። ገበያ በእግር፣ ለቅሶ በእግር፣ ጤና ጣቢያም በእግር፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ለመሳለምም በእግር። ጫማው ኮንጎ ነው፣ ወይ በረባሶ ነው፣ ወይ ደግሞ የለም። ቆላው ጠጠርና እሾህ፣ ደጋው ውርጭ። ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ አፈር ይይዛል፣ አፈሩ ቁስል ይሆናል። እግሩን ያመመው ገበሬ ከበሬው ኋላ መቆም አይችልም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ዕርፍ ይጨብጣል። በዋግ የእግር ቁስል እንዲህ አድርጎ ቤተሰብ ሙሉ ያስቀምጣል።

ታዲያ ይህን እግር የሚያክም ሰው ከየት ይመጣል? ማንስ ያስተምረዋል?

በሌላው ዓለም እግር ራሱን የቻለ ሕክምና፣ ራሱን የቻለ ኮሌጅ አለው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ኒውዮርክ ውስጥ እግር የሚያክሙ ሰዎች ባለሙያ ተብለው አይከበሩም ነበር፤ የደረቀ ቆዳና ጥፍር ከመቁረጥ ያለፈ ዕውቀት አላቸው ብሎ የሚያምንም ጥቂት ነበር። ሞሪስ ሌዊ የተባሉ ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1911 ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ከፈቱላቸው፤ ራሳቸውም የመጀመሪያው መሪ ሆኑ። ሐኪም ሆኖ ሳለ ከሱ ዝቅ ተደርጎ የሚታየውን ሙያ ደግፎ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። ባልንጀሮቹ ያዩታል፣ ይታዘቡታል።

እኛ ዘንድ ሥራው ተበታትኖ ነው የኖረው። ግማሹን የቆዳ ሐኪሙ ይይዛል፣ ግማሹን የአጥንት ሐኪሙ፣ ግማሹን ነርሷ፣ ግማሹን ጫማ ሰፊው፣ ወጌሻውም የራሱን ይይዛል። ስለዚህ የእግር ሕክምና ትምህርታችን አንድ በር፣ አንድ ደወል የለውም። ታሪኩን ለማግኘት ከሰው ወደ ሰው መከተል ግድ ነው። እኔም የምከተለው እንዲያ ነው።

መነሻዬ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተሠራበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ከከተማው ዳር ነበር፤ ሰው ሕሙማኑ ከዓይኑ እንዲርቁለት ይፈልግ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ግቢ ላይ አለርት ተቋቋመ፤ ለኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፣ ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ። ልብ በሉ፤ ሰው ፊቱን ያዞረበት ግቢ የአህጉር ትምህርት ቤት ሆነ።

እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ሥር ግን ሕንድ ውስጥ ነበር። ፖል ብራንድ የሚባሉ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ ሕንድ የተወለዱ፣ ቬሎር በምትባል ከተማ የሠሩ። እኚህ ሰው የሥጋ ደዌ ታማሚን ጣትና እግር የሚበላው በሽታው ራሱ እንዳልሆነ አስተዋሉ። ነርቩ ይሞታል፤ ነርቩ ሲሞት ሕመም ይጠፋል። ሕመም የጠፋበት ሰው ምስማር ወግቶት መንገዱን ይቀጥላል፤ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲፈጨው ይውላል፤ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደም ያያል። ስለዚህ ብራንድ ከቀዶ ሕክምናው ጎን የጫማ መሥሪያ አቋቋሙ። ሐኪምና ጫማ ሰፊ አንድ እግር ላይ ጎንበስ ብለው እንዲመካከሩ አደረጉ።

አንድ ነገር ደረሰባቸው። ረጅም የባቡር ጉዞ ጨርሰው ማደሪያቸው ገቡ፤ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ደንዝዟል። መርፌ አነሡና ወጉት። አይሰማም። ጠለቅ አድርገው ወጉት። ደም ወጣ፣ ሕመም ግን የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም፤ በሽታው ያዘኝ ብለው፣ ከቤተሰባቸው ስለመለየት፣ ከቀዶ ሕክምና ስለመውጣት ሲያስቡ ነጋ። ጠዋት መርፌውን እንደገና ሰኩት፤ በሕመም ጮኹ። ለካ ባቡሩ ላይ ሲቀመጡ ነርቭ ተጭነው ኖሮ ነው! ይህንን ሳይደብቁ ለተማሪዎቻቸው ተናገሩ፣ በመጽሐፍም ጻፉ። ሕመም ጠላት ሳይሆን ጠባቂ መሆኑን ያስተማሩት ከዚያች ሌሊት ፍርሃታቸው ተነሥተው ነው። ተማሪ የመምህሩን ፍርሃት ሲሰማ የታማሚውንም ፍርሃት ማክበር ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ነው ይህን ወሬ የማልዘለው።

የስኳር ታማሚ እግርም መንገዱ ያው ነው። ነርቩ ይደነዝዛል፣ ቁስሉ አይታወቅም፣ ኋላ መቆረጥ ይመጣል። ብራንድ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል ሲሠሩ ለሥጋ ደዌ ይጠቀሙበት የነበረውን መላ፣ ቁስለኛውን እግር በጄሶ አሳርፎ ማዳንን፣ ለስኳር ታማሚ አዋሉት። ዛሬ በዚያ አገር የእግር ሕክምና ኮሌጆች ይህን ሲያስተምሩ፣ መጀመሪያ ያስተማራቸው ሰው ፊቱን ያዞረበት የሥጋ ደዌ ታማሚ ነው።

አሁን ወደ አለርት እንመለስ። ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያ ሲሠሩ እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው እንደ ቅርፊት የሻከረ ሰዎች ያያሉ። ሥጋ ደዌ አይደለም። በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔም አይደለም፤ የሚመጡት ትንኟ ከማትደርስበት ደጋ ነው። ከሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ኡመን የተባሉ ሐኪም በገበያ ቀን ከተማ ለከተማ እየዞሩ ያበጠ እግር ይቆጥሩ ነበር። አስቡት፤ ሰው እህልና ከብት በሚመዝንበት ገበያ አንድ ሐኪም ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እግር ያያል። ፕራይስ ያንን መንገድ ይዘው አፈሩን ተከተሉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ቀይ አፈር፣ ብዙ ዝናብ፣ ባዶ እግር። ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳ አልፎ ፈሳሽ የሚመላለስበትን ቧንቧ እንደሚጎዳ አስረዱ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀዝቀዝ አለ። መጽሐፉ አለ፣ ተከታይ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል።

ተከታይ የፈጠሩት ጌይል ዴቪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ሲያስተምሩ የነበሩ እንግሊዛዊት ሐኪም። የፕራይስን ሥራ ካቆመበት አነሡትና ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ከፋፈሉት። አንዱ የበሽታውን ዋጋ ይቁጠር፣ አንዱ መገለሉን ያጥና፣ አንዱ ዘሩን ይመርምር። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ለምን አብረው ይታመማሉ፣ ጎረቤታቸው በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን ይድናል? ይህን ጥያቄ የመለሰው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ከታወቁት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ታተመ። ጽሑፉን ገልጣችሁ የስሞቹን ተራ ተመልከቱ። ከሁሉ ፊት ያለው ፋሲል ተኮላ አየለ ነው፤ ከሁሉ ኋላ ያለው ጌይል ዴቪ። በሳይንስ ደንብ ፊት የሚቆመው ሥራውን የሠራው ነው፣ ኋላ የሚቆመው ያሠራው። መምህሯ ኋላ ቆሙ፣ ተማሪው ፊት ቆመ።

ቀጥሎ ተመራማሪው ከበደ ደሪቤ መጣ። በ1,315 ሰፈሮች፣ በ659 ወረዳዎች እግር እየታየ ካርታ ተሠራ፤ ወደ 130 ሺህ ሰው ተመረመረ። ከዚያ በተሠራ ስሌት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ኡመን ገበያ ቆመው የጀመሩት ቆጠራ በኢትዮጵያዊ እጅ አገር አዳረሰ።

የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። መሪጌታው መቶ ተማሪ ብቻቸውን አያስቀጽሉም። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፣ ታናሹ ሌላውን፤ መሪጌታው ኋላ ቁጭ ብለው ስሕተቱን ይሰማሉ። ላስታና ዋግ ለዘመናት ሊቃውንት ያፈሩት በዚህ ነው። ከውጭ የመጣ የአመራር ሥልጠና በሆቴል አዳራሽ ለሦስት ቀን ሲሰጥ ሳይ፣ ይህን ያህል የቆየ የማስተማር ሥርዓት ከደጃችን እያለ ለምን እንደ ባዶ አገር እንታያለን እላለሁ።

አሁን ወደ ወላይታ ልውሰዳችሁ፤ ልቤ እዚያ ነው። ወላይታ ውስጥ ናታን ባርሎ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ያበጠ እግር የሚታከምበት ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ያደረገው አንድ ነገር ከሁሉ በለጠብኝ፤ የዳኑትን ታማሚዎች አስተማሪ አደረጋቸው። ጫማ ሰፊም አደረጋቸው፤ ያበጠ እግር የሱቅ ጫማ አይገባውምና በልኩ መሰፋት አለበት።

ሐኪምና ነርስ ጠፍቶ ነው እንዴ ታማሚ የሚያስተምረው? ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን ስለዚህ በሽታ ጠየቀ። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስለ መነሻው የተሳሳተ ነገር ያምኑ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ይተላለፋል ብለው ያስቡ ነበር፤ ሲያክሙም እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። የተማረ ሰው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ እግሩን ሊነካ ይፈራል! ታማሚዋ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ኋላ የሚይዘውን ባለሙያ ዓይን ታነባለች። ተነሥታ ትሄዳለች፤ ዳግም አትመጣም።

ታዲያ ይህን ፍርሃት የሚያወጣው ምንድን ነው? መጽሐፍ አይደለም። ከፊቱ ያለ ሰው ሲነካ ማየት ነው። ሳፋው ይቀርባል፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና። አሠልጣኟ መሬት ላይ በርከክ ብላ የታማሚዋን እግር በሁለት እጇ ታነሣለች። በጣቶቹ መሐል ጣቷን እያስገባች ታጥባለች፤ እጥፋቱን አንድ በአንድ ገልጣ፣ ሽታ የሚያመጣው እዚያ ነውና። በፀረ ተሕዋስያን ውህድ ትዘፈዝፈዋለች። በንጹህ ጨርቅ ታደርቀዋለች፤ እጥፋቱ ውስጥ እርጥበት ሳይቀር። ቫዝሊን ትቀባለች። ከጣት ጀምራ ወደ ላይ በፋሻ ትጠቀልላለች። ከዚያ ተነሥታ ለተማሪው፦ «ሌላኛውን እግር አንተ» ትለዋለች። ተማሪው በርከክ ይላል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥብ ያየ ሕዝብ፣ ይህ ሥራ ውርደት እንዳልሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ደግሞ ይሠራል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎች የተካተቱበት ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ፣ ከፊት የቆመው ስም ሄኖክ ንጉሤ ነው። እንክብካቤውን ቶሎ ያገኙት ላይ እግርን አቃጥሎ፣ ትኩሳት አምጥቶ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተመላለሰ፤ ገና ሲጠብቁ በነበሩት ላይ 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለገበሬ ግን አንዱ ሕመም በእርሻ ወቅት ቢመጣ ስንት ቀን እንደሚያስተኛው ቁጠሩ።

የፖዶኮኒዮሲስ ነገር ዝናብና ቀይ አፈር ያለበት አገር ታሪክ ነው፤ ዋግ ደግሞ ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። ለምን ታዲያ ይህን ሁሉ ለሰቆጣ ሰው እተርካለሁ? መንገዱ አንድ ስለሆነ ነው። ሕፃን እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተቆልምሞ ሲወለድ የዋግም ሕፃን ነው። ይህን እግር ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚያቃናውን መላ ያወጡት ስፔን ተወልደው አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ የሠሩት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። በየሳምንቱ እግሩን በቀስታ አቅንቶ ጄሶ ማድረግ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የተረከዙን ጅማት በጥቂቱ መልቀቅ፤ ከዚያ ብረት ያያያዘው ጫማ፣ ለሦስት ወር ቀንና ሌት፣ ቀጥሎ እስከ አራት አምስት ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት። በአገራችን አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚህ ሥራ ጋር ስሙ ይነሣል።

ይህን መላ በንግግር ማስተማር አይቻልም። እናቲቱ ልጇን እያጠባች ትይዘዋለች፤ ያን ጊዜ እግሩ ይላላል። አሠልጣኙ የተማሪውን አውራ ጣት ይዞ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ ከውጭ በኩል ጉብ ያለችው አጥንት ላይ ያሳርፈዋል፤ የራሱን አውራ ጣት ከላዩ ይደርባል። ሲገፋ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ ከጣት ወደ ጣት ይተላለፋል። አንድ ቀን አሠልጣኙ ጣቱን ያነሣል።

ወጌሻውንም ልረሳው አይገባም። በገጠር አጥንት ሲሰበር ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። አጥብቆ ሲያስር ደም ይቋረጣል፣ እግር ይጠቁራል፣ ይቆረጣል። ብዙ ሐኪም ወጌሻን ረግሞ ያልፋል። ዶክተር መኮንን እሸቴ ግን ወጌሾችን ሰብስበው የአንድ ቀን ትምህርት ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በእንዲህ ያለ ምክንያት የሚቆረጥ እግርና እጅ መቀነሱን አሳዩ። አንድ ቀን ብቻ! መናቅ ስንት ዓመት ፈጅቶ ምን አስገኘ?

እንግዲህ ሰቆጣ ደርሰናል። ስሟን ለትልቅ ቃል የሰጠች ከተማ ናት፤ የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ይጠራል። የሰሜኑ ጦርነትም አልማራትም፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሰው እግሩ እየደማ ወደሷ መጣ። የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም እዚያው አለ፤ ከሩቅ ወረዳ በቃሬዛ የሚመጣው ሰው ተስፋ እሱ ነው።

በእንዲህ ያለ ሩቅ አገር ባለ ሆስፒታል የሚሆነውን ልንገራችሁ። ወጣት ሐኪም ይመደባል። ጎበዝ ነው፣ ቅን ነው። ስፔሻሊቲ ሲያገኝ ይሄዳል፤ አልፈርድበትም። የሚቀሩት ነርሶቹ ናቸው። ከዝቋላ የመጡ አባት በኽምጥኛ ሲናገሩ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ሲስተሯ ያዞራል። «ምን አሉ?» ይላታል። እሷ ታስተረጉማለች። ከማስተርጎምም አልፋ፦ «አባባ፣ ጫማዎን ያውልቁልኝ» ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ሰውየው ስለ ሆዳቸው እያወሩ ሳለ እሷ ተረከዛቸው ላይ ያለውን ቁስል ታገኛለች። ሐኪሙ ያን ቀን አንድ ነገር ይማራል። ማን አስተማረው? ወረቀቱ ላይ ግን መምህር ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ሥልጠና ሲመጣ የሚላከው እሱ ነው፤ ተመልሶ ሲሄድም ሥልጠናው አብሮት ይሄዳል።

እኔ የምለው ይህ ይገልበጥ ነው። ሥልጠናው ለምትቀረው ይሰጥ። ኽምጥኛ የምትናገረው ሲስተር አለርት ሄዳ ስድስት ወር ትቀመጥ፤ የደነዘዘ እግር መፈተሽን፣ ጄሶን፣ ፋሻን፣ የጫማ ልክን በእጇ ትማር። ስትመለስ በሳምንት አንድ ቀን የእግር ቀን ይኑራት፤ አዲስ የሚመደበው ሐኪም ያን ቀን ከጎኗ በርጩማ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ እሷ የየቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታስተምር፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲሆኑ የታሰበው ለዚህ ዓይነት ነገር ነውና። እነሱ ደግሞ የዳነውን ገበሬ ይያዙ። ወጌሻውም ይጠራ።

ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ ጄሶ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ከነማሽኑ፣ የአንድ ሰው የስድስት ወር አበል። ከዚያም ከሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል የሚወጣ አንድ ደብዳቤ፤ ሲስተሯን አሠልጣኝ ብሎ የሚሾም፣ ደመወዟንም በዚያው ልክ የሚያስተካክል፣ ግልባጩ ለዞኑ ጤና መምሪያ የሚላክ።